ለሙኒራ አቤት ያልኩባቸው ጠዋቶች

ዛሬም ጠዋት ሰንጋ ተራ፣ ቀለሙ ገና በቅጡ ያልደረቀ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሠላሳ ምናምን የምንሆን መምህራን ክብ ሠርተን ተቀምጠን የክር ኳስ ስንወራወር ነበር። አልዋሸሁም፣ የክር ኳስ። ኳሱ የደረሰው ሰው የክሩን ጫፍ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ የዛሬው ስሜቱ በአየር ጠባይ ሲገለጽ ምን እንደሚመስል ይናገራል። አንዱ ደመናማ ነኝ ይላል፣ አንዷ ፀሐይ ወጥታልኛለች ትላለች፣ ጡረታ ለመውጣት ወራት የቀሯቸው የሒሳብ መምህራችን ግን ኳሱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። አሠልጣኙ፣ ዕድሜው ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ የማይበልጥ፣ ጫማው መስታወት የሚያስንቅ ልጅ፣ ደኅና መሆን የአየር ጠባይ አለመሆኑን በትሕትና ሊያስረዳቸው ሞከረ። ሰውየው ሰምተው ሲያበቁ ኳሱን ለኔ አቀበሉኝና መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ሥልጠናው ሦስት ቀን የሚፈጅ ነው። ርዕሱም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትርጉም ያለው የምክር ክፍለ ጊዜ ስለማዘጋጀት ነው፤ በኛ ሰው አፍ ግን «አድቫይዘሪ» ይባላል፣ በአማርኛ ከተጠራ ዋጋው የሚቀንስ ይመስል። እያንዳንዳችን አንዳንድ ቅጽ ተሰጥቶናል፤ ዓላማ፣ ተግባር፣ የሚፈጀው ደቂቃ፣ የስኬት መለኪያ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ልጆቹ በባለቀለም ወረቀት የሕልማቸውን አበባ ይቆርጣሉ፣ አምስት ደቂቃ። አበባውን ለጓደኛቸው ያሳያሉ፣ ሦስት ደቂቃ። ጓደኛቸው ያደንቅላቸዋል፣ ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ የሰው አበባ እንዴት እንደሚደነቅ የሚያውቅ ካለ ወጥቶ ያሳየኝ። የወረቀቱ ብዛት፣ የማርከሩ ሽታ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቢጫና አረንጓዴ ቁራጭ ሁሉ ራሴን አዙሮታል፤ ሥራዬም እየተቀመጡ መናቅ ብቻ ሆኗል፣ በዚህ ሥራ ደግሞ ጎበዝ ነኝ።

እንግዲህ እንዲህ ሁሉን ስንቅ ነበር ትርሲት የቀረችው። ትርሲት ልደታ፣ አንድ ትምህርት ቤት አብራኝ የምታስተምር የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ተያይዟል፣ ጨውና በርበሬ የያዘ ብልቃጥ እንኳ በጋራ ነው ያለን። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስልኬ ላይ «ፈርሚልኝ» የሚል መልእክት ላከች፣ ፈረምኩላት። በሁለተኛው ቀን እንደገና «ፈርሚልኝ» አለች፣ ፈረምኩላት። ለምን እንደቀረች አልጠየቅኳትም፤ ብልህ ሴት፣ ከክር ኳስ ያመለጠች፣ ብዬ በልቤ ቀናሁባት። በሦስተኛው ቀን፣ ዛሬ ማለት ነው፣ አሠልጣኙ የፊርማው ቁጥርና የወንበሩ ቁጥር አልገጥም ብሎት ይሁን ወይ ሌላ ሰው ጠቁሞት፣ ወረቀቱን ከማዞር ይልቅ በእጁ ይዞት ቆመና ስም እየጠራ ያረጋግጥ ጀመር። የትርሲት ስም ሲደርስ፣ ያለ ምንም ሐሳብ፣ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«አ» የሚለው ፊደል ከጉሮሮዬ ወጥቶ ጥርሴ ጋ ሲደርስ ነው የያዝኩት።  «አቤት»ን በሰው ፈንታ ለማለት ከንፈሬ ያን ያህል ቶሎ መታዘዙ አስደነገጠኝ፤ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላም ጉሮሮዬ ሙያውን አልረሳም።

አሥረኛ ክፍል ሳለን፣ ያን ጊዜ አድቫይዘሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስም ጠሪ ነበረ። ስም ጠሪ ማለት በሌላ ጊዜ የራሱን ትምህርት የሚያስተምር፣ ጠዋት ጠዋት ግን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ለሃያ ደቂቃ ወደ ክፍላችን እየመጣ ስም የሚጠራ፣ እኛ ስናጠፋ የሚጠየቅልን መምህር ነው። የኛ ስም ጠሪ ቲቸር መኩሪያ ይባላሉ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ቡናማ ኮታቸው የቀኝ ኪሱ ሁልጊዜ በጠመኔ ብናኝ የነጣ፣ ዓይናቸው ከክንድ ርቀት ባሻገር ያለውን ነገር ሁሉ አደባልቆ የሚያይ፣ መነጽር ከማደርግ ግን ሞቼ ልገኝ የሚሉ ሰው ነበሩ። ሰባ ምናምን ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ማን የት እንደተቀመጠ የሚያውቁት በድምፅ ነው። ስም መጥሪያ ደብተሩን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው፣ ቀና ሳይሉ፣ የእያንዳንዳችንን ስም ከነአባታችን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አጥርተው ይጠሩ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ስሜን እንደዚያ አሟልቶ የጠራው ሰው የለም።

ያን ጊዜም ቢሆን ትርጉም ያለው ነገር የሚፈልግ ሰው አልጠፋም። ዩኒት ሊደራችን በላቸው ነበር፤ የአሥረኛ ክፍሎች ሁሉ አለቃ ማለት ነው፣ እርሱም ቲቸር ነው፣ ነገር ግን ለሱ አንቱታ ያኔም አልወጣኝም ዛሬም አይወጣኝም። በላቸው ያቺ ሃያ ደቂቃ በከንቱ መባከኗ እንቅልፍ ይነሳው ነበር። ለየቀኑ ተግባር አውጥቶ፣ በካርቦን አባዝቶ፣ ለስም ጠሪዎች ሁሉ አደለ፤ አንድ ቀን የጥፍር ምርመራ፣ አንድ ቀን ጠቅላላ ዕውቀት፣ አንድ ቀን የተማሪዎች የወደፊት ምኞት፣ ዓመቱ ሲጋመስ ደግሞ የምርጥ ክፍል ውድድር። ክፍሎች ግድግዳቸውን በባለቀለም ወረቀት አሸብርቀው ሲሸላለሙ ይውላሉ። ቲቸር መኩሪያ በየዓመቱ ያንኑ አንድ ዕቅድ፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ በነጭ ቀለም እያጠፉ ያስገቡ ነበር፤ ከመደራረቡ የተነሣ ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ቅርፊት አውጥቶ ሲታጠፍ ይሰነጠቅ ነበር። በላቸው አንድ ጊዜም አላስተዋለም። ዕቅድ የሚሰበስብ ሰው ዕቅድ እንደማያነብ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ታዲያ በዚያች ሃያ ደቂቃ ቲቸር መኩሪያ የሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስም ይጠራሉ። የቀረ ሰው ካለ፣ ደብተሩን ሳይዘጉ፣ «ሰፈሩ የማን ነው?» ይላሉ። ሁለት ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ። እነዚያ ሁለት ልጆች የዚያኑ ዕለት ከትምህርት ሲለቀቁ ወደ ቀረው ልጅ ቤት ይሄዳሉ፣ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ቆመው ያዩትን ይናገራሉ። ማንን አገኛችሁ፣ ምን ሲሠራ አገኛችሁት፣ ምን አላችሁ፤ ሌላ ጥያቄ የለም። «ይመስለኛል» ያለ ልጅ ከነጓደኛው ተመልሶ ይላካል፤ ለመምሰሉማ ከሆነ እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ ይመስለኛል ማለት እችላለሁ ይሉ ነበር። ያዩትን ሰምተው ቲቸር መኩሪያ አንዳንዱን ከጠዋት ፈረቃ ወደ ከሰዓት ያዛውራሉ፣ ለአንዳንዱ ወላጅ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ አንዳንዱን ደግሞ ዝም ብለው ይተዉታል። ምክር የሚባል ነገር ግን ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ስንት ቤት ገባን በዚያ ዓመት! ከጌጃ ሰፈር ጭርንቁስ ጓሮ እስከ ሰንጋ ተራ ግቢዎች ድረስ ያልረገጥነው ደጅ አልነበረም። ወባ ይዞኛል ብሎ የቀረ ልጅ ከወንድሞቹ ጋር ኳስ ሲራገጥ ደርሰንበት፣ እኛን ሲያይ እዚያው ሜዳው መሐል ተንቀጥቅጦ ወደቀ። አባቱ ልብስ ሰፊ የሆነ የወሎ ልጅ ደግሞ የአባቱ እጅ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እሱ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የትምህርት ቤታችንን ዩኒፎርም ሲሰፋ አገኘነው፤ ያባቱ እጅ እስኪድን ሁለት ሳምንት ተፈቀደለት፣ ዩኒፎርሙን የሰፋው ለኛው ክፍል ልጅ መሆኑ ኋላ ሲታወቅ ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። በየሄድንበት የቀረው ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ማን ላካችሁ?» ይላል። «ቲቸር መኩሪያ» እንላለን። ያን ስም ስንጠራ እናቶች ወንበር ይስባሉ፣ አባቶች ሬዲዮ ይቀንሳሉ፣ የቀረው ልጅም ቢያፍር እንኳ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲበራ ይታይ ነበር። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ሙኒራ ሸምሱ ከኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። አባቷ ጌጃ ሰፈር ሱቅ አላቸው፤ ስኳርና ሳሙና፣ ሻማና ክብሪት፣ ከጣራው የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ጫማ የሚሸጥበት፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ከገባ አንዱ ወደ ኋላ እየሄደ የሚወጣበት ሱቅ። ሙኒራ ካርታ ስትሥል ያየ ሰው እጇን መሳም ያምረዋል። ቲቸር መኩሪያ ሰሌዳው ላይ የአፍሪካን ካርታ ማስቀመጥ ሲፈልጉ ጠመኔውን ለሷ ይሰጡና ራሳቸው እንደ ተማሪ ተቀምጠው ያዩ ነበር። የአሥረኛን ብሔራዊ ፈተና አልፋ፣ መሰናዶ ገብታ፣ ቀያሽ መሐንዲስ እንደምትሆን ወስናለች። እኔ ምንም አልወሰንኩም፤ ሥራዬ የሷን ካርታ ቀለም መቀባት ነበር።

አንድ ዓርብ ስንለቀቅ፣ እናቷ ወገባቸውን ታመው መነሣት እንዳቃታቸው፣ አባቷ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ፣ እናቷን ለማሳከም ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ሱቁን የምትይዘው እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ሦስት ቀን ብቻ ነው አለች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ስሟ ሲጠራ አቤት እንድልላት ለመነችኝ፤ ልጆቹ መጥተው እናቷን በአልጋ ላይ እንዲያዩባት፣ በማግሥቱም በክፍሉ ሁሉ ፊት እንዲናገሩ አልፈለገችም። እሺ አልኩ። እንዴት እምቢ እላለሁ? ሳባቂ መሆን ከሁሉ የከፋ ኃጢአት ነው፤ ጓደኛን መሸፈን ደግሞ የአራዳ ልጅ የመጀመሪያ ግዴታ። ይህን ሳናስብ ነበር የምናውቀው፣ ሰባ ምናምናችንም።

የሙኒራ ድምፅ ጎርነን ያለ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚወድቅ። የኔ ደግሞ ቀጭን። ቅዳሜና እሑድ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት፤ አገጬን ደረቴ ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን ከሆዴ አምጥቼ፣ አቤት። ሰኞ ጠዋት ቲቸር መኩሪያ ደብተሩ ውስጥ እንደተቀበሩ ስሟን ጠሩ፣ እኔም አልኩ፣ እሳቸውም አለፉ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሳቃቸውን አፍነው ወደቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀግና ሆንኩ። ሦስቱ ቀን አልፎ አራተኛው ሲመጣ፣ ሳምንቱ አልፎ ሌላው ሲተካ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ያቺን አንዲት ቃል ለማለት ነበር ከአልጋዬ የምነሣው። በጣም ጎበዝ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ እጄ ይጸየፈኛል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው፣ ከዚያ በፊት በምንም ነገር ጎበዝ ሆኜ አላውቅም ነበር።

ለመሆኑ ሱቁ ድረስ ሄደሽ አላየሻትም ወይ የሚለኝ ሰው ካለ፣ አዎን፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ሄጃለሁ። ስኳር እየመዘነች አገኘኋት፤ ተሳሳቅን፣ አቤት ስል እንዴት እንደምመስል አሳየኋት፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሰኞ እመጣለሁ አለችኝ። ሰኞ አልመጣችም፣ እኔም ተመልሼ አልሄድኩም። ለምን? ክፋት አልነበረም፤ ክፋት ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በየጠዋቱ ድምፅዋን ከገዛ አፌ ስሰማው ያለች ይመስለኝ ነበር። አጠገቤ ያለው ባዶ ቦታ ባዶ መስሎ አልታየኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ለብሔራዊ ፈተና የመመዝገቢያው ቀን መጣ። ቲቸር መኩሪያ ደብተሩን ሳይሆን ረጅሙን የምዝገባ ዝርዝር ይዘው ገቡ፤ ስም ይጠራል፣ ተማሪው ወጥቶ ፎቶውን ያስረክባል፣ በስሙ አንጻር ይፈርማል። ይህን ቀድመው ነግረውን ነበር፣ እኔ ግን ሙያዬን ብቻ ነበር የማስበው። «ሙኒራ ሸምሱ» አሉ። አገጬን ደረቴ ላይ ተክዬ «አቤት» አልኩ።

«ነይ ፈርሚ» አሉ።

ማንም አልተነሣም። ከውጭ የታክሲ ረዳት ተሳፋሪ ሲጠራ ይሰማል። ቲቸር መኩሪያ ቀና አሉ። አጥርቶ በማያየው ዓይናቸው ወደኛ ዴስክ አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ዝርዝሩ ላይ አስቀምጠው መጥተው አጠገቤ ቆሙ፣ ባዶውን ቦታ በእጃቸው ዳሰሱት። እንዲህ በመዳፋቸው፣ እንጨቱን። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። የቀሩትን ልጆች ቶሎ ቶሎ አስፈርመው ሲያበቁ ዝርዝሩን ለበላቸው አስረከቡ፤ ምሳ ሰዓት ድረስ እንዲያቆይላቸው፣ አንዲት ልጅ ይዘው እንደሚመለሱ ነገሩትና እኔን አስከትለው ወደ ጌጃ ሰፈር ወረዱ።

ሙኒራ ሱቁ ውስጥ ነበረች። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፤ ሦስት ሳምንት ውስጥ ፊቷ የትልቅ ሰው ሆኗል። ቲቸርን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ እኔን አላየችኝም፣ ወይም ማየት አልፈለገችም። ከመጋረጃው ጀርባ እናቷ ማን እንደመጣ ይጠይቃሉ። ቲቸር መኩሪያ እየሮጠች ሄዳ ፈርማ እንድትመለስ ነገሯት። ሱቁን ለማን ትታ ትሄዳለች? አባቷ መርካቶ ናቸው፣ እናቷ አልጋ ላይ። ያኔ እኒያ ኩሩ ሰው ኮታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉ፣ ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር አልፈው ገቡና ሚዛኑን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ሂጂ» አሏት። «ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ።»

ወዲያው አልሄደችም። ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ጠብቄ ነበር» አለች። ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ ሁለት ልጆች ይመጣሉ ብላ በየቀኑ የመለቀቂያ ሰዓት ሲደርስ መንገዱን ስታይ እንደነበር፣ እንዲያውም አንድ ቀን ሁለት የክፍላችን ልጆች በሱቁ ፊት አልፈው ሌላ የቀረ ልጅ ቤት ሲገቡ አይታ እንደነበር ተናገረች። እንዳይመጡባት የለመነችው እሷው ነበረች፤ ያን ግን ረስታዋለች፣ ወይም እንድትረሳው የሚያደርግ ነገር ደርሶባታል። ከሁሉም ተለይታ የተረሳችው እሷ መሆኗን አምናለች። ቲቸር መኩሪያ ስኳር ሊገዛ ለመጣ ሰው ከሚገባው በላይ እየመዘኑ ነበር።

ተያይዘን ሮጥን።  ስንደርስ በላቸው ወንበር ላይ ቆሞ፣ በጥርሱ ፕላስተር ነክሶ፣ የአሥረኛ «ሀ» ክፍልን ግድግዳ ሮዝ ወረቀት ያለብስ ነበር፤ ለካ የምርጥ ክፍል ዳኝነቱ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ስለዚህ የምዝገባው ዝርዝር እንዳያንጠለጥለው ብሎ ረፋዱ ላይ በፖስታ አሽጎ ልኮታል። ከወንበሩ እንኳ አልወረደም። ሙኒራ በማግሥቱ ከቲቸር መኩሪያ ጋር ዝርዝሩ ወደ ተላከበት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። በቤተሰብ ሕመም ከትምህርት ቀርቶ ምዝገባ ያለፈው ተማሪ ስም መጥሪያው ከታየ በኋላ ይፈቀድለታል ተባሉ። ስም መጥሪያው ታየ። ሙኒራ ሸምሱ ሦስቱን ሳምንት አንድም ቀን አልቀረችም። ይህች ልጅ እስከ ምዝገባው ዋዜማ ድረስ ክፍል ውስጥ ከነበረች ለምን አልፈረመችም አሉ፣ ደብተሩንም ዘግተው መለሱላቸው። የኔ አቤት ቀለም ሆኖ፣ በሷ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቆመ።

በሚቀጥለው ዓመት ትመዘገባለች ተባለ። አልተመዘገበችም። የእናቷ ሕመም ሰነበተ፣ ሱቁ ለመዳት፣ እኔም በዚያ ስንፍናዬ መሰናዶ ገባሁ። ቲቸር መኩሪያ ምን ቀጡሽ የሚል ካለ፣ በእጃቸውም በአፋቸውም አልነኩኝም። ስሟን ከስም መጥሪያው አልሰረዙትም፣ ያ ብቻ ነው። ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ በየጠዋቱ ሙኒራ ሸምሱ ብለው ይጠሩና ቀና ብለው ይጠብቁ ነበር። ማንም አይመልስም፤ ሁሉም የማንን መልስ እንደሚጠብቁ ያውቃል። እኔ እነሣለሁ፣ በራሴ ቀጭን ድምፅ «የለችም» እላለሁ፣ እሳቸውም ወደሚቀጥለው ስም ያልፋሉ። ያንን ቃል ከመቶ ጊዜ በላይ ብያለሁ። አንድም ቀን አልቀለለኝም፤ ለካ እንዳይቀልል ነበር የሚጠሩት።

ዛሬ ያ ሰፈር አብዛኛው የለም። ሱቁ የነበረበት ቦታ ላይ የቆመውን ሕንፃ ሳልፍ የትኛው ደረጃ ሥር እንደነበር እንኳ መገመት አልችልም፤ ሙኒራ ሰፈሩ ሲነሣ ወደ ከተማው ዳርቻ መውጣቷን ሰማሁ፣ ስልኳን የሚያውቅ ሰው አጣሁ፣ አጥብቄም አልፈለግኩ፣ ፈሪ ነኝና። ቲቸር መኩሪያ ዐርፈዋል። በላቸው ግን የትም አልሄደም፤ ጫማውን አብርቆ፣ ዕድሜውን ቀንሶ፣ የክር ኳስ ይዞ መጥቷል፣ አሁንም ዕቅድ ይሰበስባል። አሁን ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስም አይጠራም፤ ልጆቹ በር ላይ ካርዳቸውን መሣሪያው ላይ ያስነካሉ፣ መሣሪያውም ጢው ይላል፣ የቀረውን ልጅ ለወላጁ በመልእክት ያሳውቃል። በዚህም ጊዜ ቆጥበናል ተብሏል። የቆጠብናትን ሃያ ደቂቃ አበባ እንቆርጥባታለን።

አሠልጣኙ የትርሲትን ስም ደግሞ ጠራ።

«የለችም» አልኩ። ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ፣ የሁለት ቀን ፊርማዋ መኖሩን በጨዋ ደንብ አስታወሰኝ። የፈረምኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። መምህራኑ ሁሉ ያን የምናውቀውን አስተያየት አዩኝ፣ ሳባቂ እያሉ፣ በዚህ ዕድሜ። ይገባኛል። ሌላውን ሁሉ ስንቅ ሁለት ቀን ሙሉ የጠረጴዛ ጓደኛዬን በእስክሪብቶ የሰረዝኳት እኔ ነኝና፣ ከዚያ አዳራሽ ከማንም የበለጠ የሚናቅ ሰው ቢፈለግ ሩቅ አያስኬድም ነበር። ምሳ ሰዓት ሲሆን ቅጹን ባዶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም በእግሬ ወረድኩ።

በሩን የከፈተችው ትርሲት ናት፣ ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯ አልተበጠረም። ከክር ኳስ ያመለጠች ብልህ ሴት! ልጇ ቤዛ፣ በሌላ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል የምትማረው፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ክፍሏን ከውስጥ ቆልፋ ከተቀመጠች ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ምክንያቱን አትናገርም፣ ምግብ የምትወስደው እናቷ ከበሩ ስትርቅ ነው። ትርሲት አፍራ ለማንም አልተናገረችም፤ የሌላ ሰው ልጆች አስተማሪ ሆና የራሷን ልጅ ከመኝታ ክፍል ማውጣት አቃታት ይባላል ብላ ፈራች። ከልጅቱ ትምህርት ቤት ማን መጣ ብዬ ጠየቅኳት። ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። በየጠዋቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ቃል የተላከ መልእክት ተደርድሯል፤ ልጅዎ ዛሬ አልተገኘችም፣ ልጅዎ ዛሬ አልተገኘችም።

ወደ ልጅቱ በር ሄጄ አንኳኳሁ።  ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ ለበር የሚሆን ቃል አልያዝኩም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፣ ስሟን ከነአባቷ ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አጥርቼ ጠራሁና ጠበቅኩ። ደግሜ ጠራሁ። ብዙ ቆይቶ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከቅርብ፣ ምናልባት ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር፣ ማን ነው የላከዎት?»

የድሮው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ስም ብጠራው ወንበር የሚስብ፣ ሬዲዮ የሚቀንስ፣ ፊቱ የሚበራ ሰው የለም፤ በዚህች ከተማ ልጅ ሲቀር ሰው የሚልክ ሰው ስም ብፈልግ አንድም አጣሁ።

«ማንም አልላከኝም» አልኳት።

በሩ አልተከፈተም። እኔም ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ይሰማኛል፣ እስክትከፍት ድረስ የትም አልሄድም። የከሰዓቱ ሥልጠና ተጀምሯል። ሰዉ መቼም ደግ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ስሜ ሲጠራ አቤት የሚልልኝ አይጠፋም።